አሥራ ሁለቱ ቢጫ ቡሎኖች

መርሻን ተረጋግቶ ቁጭ ብሎ አይቼዋለሁ የሚል ሰው ካለ ይምጣና ይንገረኝ። ሃያ ሦስት ዓመት ሚስቱ ሆኜ እኔ አላየሁም። ምሳውን ግማሹን ቆሞ ነበር የሚበላው። ፒያሳ ካፌ ገብተን፣ ማኪያቶ አዝዘን፣ ገና ስኳሩን ሳላማስል ከባንኮኒው ኋላ ጠብ ጠብ የሚል ውሃ ከሰማ አለቀልኝ። "አንዴ ተናኜ፣ አሁን መጣሁ" ይላል፤ ከኪሱ መፍቻውን ያወጣል፤ ከአሳላፊዎቹ ጋር እየተጋፋ ይገባል። ማኪያቶዬን ብቻዬን ጠጥቼ ብቻዬን የወጣሁበት ቀን ስንት ነው! ሰዉም ለምዶት ነበር። "ቧንቧው ታሟል ወይስ መርሻ?" እያሉ ይስቁበታል፤ እሱ አይሰማም፤ ጆሮው ውሃው ላይ ነው።

ሥራው ይኸው ነበር፤ የሚያፈስ ነገር ማቆም። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነው ወደ ዶሮ ማነቂያ በሚወስደው መንገድ ላይ አንዲት ጠባብ ቤት ተከራይተን የጀመርነው። አንድ ሞርሳ፣ በእግር የሚረገጥ አሮጌ ቶርኖ፣ አንድ ወናፍ፣ ግድግዳው ሁሉ የቧንቧ አንገትና እጀታ የተንጠለጠለበት። ወናፉን የማናፋው እኔ ነኝ። ያለቀውን ዕቃ በአመድና በሎሚ ፈትጌ የማብለጨልጨውም እኔ ነኝ። ደንበኛ ፊቱን ያላየበት ነሐስ ከቤታችን አይወጣም ነበር። ይኼ የኔ ኩራት ነው፤ የሱ አይደለም። እሱ መዝጋቱን እንጂ ማማሩን ግድ አይሰጠውም።

የሱ ነገር ሌላ ነው። ለጠገነው ቧንቧ ሁሉ ከጥድ እንጨት አንድ ሾጣጣ ውታፍ ጠርቦ፣ በሲባጎ አንገቱ ላይ አስሮ ይሰጣል። "እኔ የሠራሁት ሊበላሽ ይችላል፤ እኔ እስክመጣ በዚህ ውተፉት" ይላል። እኔ እበግናለሁ። "አንተ ሰው፣ ገና ሳይበላሽ ሊበላሽ ይችላል እያልክ ማን ደንበኛ ይመጣልሃል?" እለዋለሁ። እሱ መልሱ አንድ ነው፤ "ውሃ አይታመንም፣ ተናኜ።" የእሪ በከንቱ ሰፈር ሴቶች ውታፎቹን ለእሳት መለኮሻ ያደርጓቸው ነበር፤ ባይኔ አይቻለሁ፤ አልነገርኩትም።

በአርባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ ከመስቀል በኋላ፣ ሙሴ ፓናዮት መጣ። ፒያሳ ላይ ቀለምና ምስማር የሚሸጥ ግሪክ ነው፤ አማርኛው ስብርብር ያለ፣ ልቡ ደግ፣ ድምፁ ግን ገበያ የሚበትን። ምጽዋ ላይ አንዲት አሮጌ ባለ ሸራ ጀልባ ገዝቷል። በጀልባዋ ሆድ ላይ ስድስት ቀዳዳ አለ አለን። ሳቄ መጣ። "ሙሴ፣ ቀዳዳ ያለው ጀልባ ምን ብለው ገዙ?" አልኩት። ሳቀና አስረዳን። አንዱ ለሞተሩ ማቀዝቀዣ ውሃ የሚገባበት፣ አንዱ ለመታጠቢያው፣ አንዱ ለሽንት ቤቱ፤ በያንዳንዱ ቀዳዳ ላይ የነሐስ ሳራቺኔስካ ተተክሏል። ክፍት ሲሆን ባሕሩ ይገባል፤ ሲዘጋ ባሕሩ ውጭ ይቀራል። ጀልባዋን የሚጠብቅለት አጽብሐ የሚባል የምጽዋ ሰው ጀልባዋን አሸዋ ላይ አስወጥቶ፣ ስድስቱንም ፈትቶ በሣጥን ልኳል።

ሣጥኑን ስንከፍት እኔ እንደዚያ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። አረንጓዴ ዝገት፣ ድንጋይ የሆነ ቀንድ አውጣ የተጣበቀበት፣ ጠረኑ እንግዳ። መርሻ አንዱን አንስቶ አሸተተው። "ጨው" አለ። ከዚያ አንዱን ጫፍ በምላሱ ነካ አደረገው። "ኧረ የማርያም ያለህ!" ብዬ ከእጁ ነጠቅሁት።

የዚያ ዕቃ አሠራር እንዲህ ነው። ወፍራም የነሐስ ገላ አለው፤ ውስጡ የጡት ቅርጽ ያለው ሾጣጣ ልብ ይገባል፤ ልቡ መሐሉ ላይ ቀዳዳ አለው። እጀታውን ሩብ ያህል ስታዞረው ቀዳዳው ይገጥማል፣ ውሃው ይገባል፤ መልሰህ ስታዞረው ይዘጋል። ልቡ ወጥቶ እንዳይዘረገፍ ክዳን ይደረግበትና ክዳኑ በሁለት ቡሎን ይታሰራል። ስድስት ሳራቺኔስካ፣ አሥራ ሁለት ቡሎን። ቡሎኖቹ ከተሰበሩ ልቡ ይዘላል፤ ልቡ ከዘለለ የጀልባዋ ሆድ ተቀደደ ማለት ነው። ይኼን መርሻ ሲያስረዳኝ የወናፉ እሳት እጄ ላይ የጣለብኝን ጠባሳ በጣቱ እየጫነ ነበር።

አንድ ወር ሙሉ ከነሱ ጋር ኖረ። መኪና ጠጋኞች ቫልቭ የሚያሹበትን አሸዋማ ቅባት ከጓደኛ ለምኖ፣ ልቡን ገላው ውስጥ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ። ከዚያ ይጠርገውና የኩራዝ ጥቀርሻ ቀብቶ አንዴ ያዞረዋል። ጥቀርሻው ያልተነካበት ቦታ ካለ እዚያ ላይ አልገጠመም ማለት ነው፤ እንደገና ግራ ቀኝ። ሲገጥምለት ደግሞ ዘግቶ ላምባ ይሞላበታል። "ውሃ ያላገኘውን ሽንቁር ላምባ ያገኘዋል" ይላል። በየሰዓቱ ከታች እጁን እየሰደደ ይዳብሳል። ስድስቱም ጠብ አላሉም። ለማለስለሻ የበሬ ሞራ አቅልጬ ሰጠሁት። አንዲት ቀን እንኳ ምሳ አልበላም።

የቀሩት ቡሎኖቹ ነበሩ። የድሮዎቹ ጥርሳቸው አልቋል። መርሻ በችኮላ እየፈታ አንዲት አሮጌ ቆርቆሮ ውስጥ ወረወራቸው፤ አንድ በአንድ አላያቸውም፤ ሐሳቡ ሁሉ ልቡ ላይ ነበር። አዳዲስ ሊጠርብ ሲል ሁለት ዓይነት ነሐስ ነበረን። አንዱ ከድሮ ቧንቧ አንገት ያቀለጥነው ቀይ ነሐስ፣ ደብዛዛ፣ ብትፈትገው ብትፈትገው የማይስቅ። ሌላው ከጥይት ቀለህ ያቀለጥነው ቢጫ፤ ሲፈተግ ወርቅ ይመስላል፤ ቶርኖ ላይ ቅቤ ነው። ሁለቱንም ይዞ ቆመ።

"ቢጫው ያምራል" አልኩት። "ሙሴ ፊቱን ይይበት።"

"የድሮዎቹ ቀይ ናቸው፣ ተናኜ።"

"ድሮ ስለሆኑ ነዋ! አንተ ደግሞ!"

ይኼን ቃሌን ልብ በሉልኝ። ትንሽ አመነታ፤ ከዚያ ቢጫውን ሞርሳ ላይ አሰረው። የአዲስ አበባ ውሃ ቢጫ ነሐስ ነክቶ አያውቅማ! ስንት ዓመት ነው የጠገንነው፤ አንድ ቀን በስብሶ የመጣልን ቡሎን የለም። አሥራ ሁለቱን ቡሎን ጠረበ፤ እኔ ፈተግኋቸው፤ ፀሐይ ላይ ሳወጣቸው የወርቅ ሱቅ መስኮት መሰሉ። በልማዱ ስድስት የጥድ ውታፎች ጠርቦ በያንዳንዱ አንገት ላይ አሰረ። ሙሴ ፓናዮት ቡሎኖቹን አይቶ "ብራቮ!" አለ፤ ውታፎቹን አይቶ ሆዱን ይዞ ሳቀ። "መርሻ፣ ባሕር በእንጨት ትዘጋለህ?"

"ለነገሩ ነው፣ ሙሴ። አይፍቱት እንጂ ይሁን" አለ መርሻ።

ሁለት ዓመት ከመንፈቅ አለፈ። ጀልባዋ ስታምር አይጣል ነው አሉ። ሙሴ ባገኘን ቁጥር "ጠብ የለም! ጠብ የለም!" ይላል፤ መርሻም ያን ቀን ሁለት ጊዜ ፈገግ ይላል።

የሃምሳ አንድ ዓመተ ምሕረት ጸሎተ ሐሙስ ዕለት ነው። ጉልባኑን ቤት እሳት ላይ ጥጄ፣ ለበዓሉ ሱቁን ልጠርግ ወረድኩ። መርሻ አንድ እጀታ ሲሞርድ ነበር። ያቺን አሮጌ ቆርቆሮ አንስቼ ስገለብጣት የድሮዎቹ ቡሎኖች ድንጋዩ ወለል ላይ ተበተኑ። አሥራ አንዱ ኮሽ ብለው ዘለሉ። አንዷ ግን ወድቃ እንደ ደረቅ ዳቦ ፍርክስ አለች።

"ይኼ ደግሞ ምን ሆኖ ነው የፈረሰው?" አልኩ።

መርሻ ሞረዱን አስቀምጦ ጎንበስ አለ። ስብርባሪውን መዳፉ ላይ አድርጎ ወደ በሩ ብርሃን ወጣ። ከላይ ቢጫ ነው። ውስጡ ሐምራዊ፣ ሸክላ የመሰለ፣ በጥፍር የሚፋቅ። አሥራ አንዱን አነሳ፤ ሁሉም ቀይ። በመዶሻ ደበደባቸው፤ ደኅና ናቸው። ጥርሳቸው ቢያልቅም ሥጋቸው አለ። ከኛ በፊት አንድ ሰው ከአሥራ ሁለቱ አንዱን በቢጫ ቀይሮት ነበር፤ የጨው ውሃ ያንን ብቻ መርጦ በልቶታል።

"ተናኜ" አለኝ። ፊቱ አመድ ሆኗል። "አሥራ ሁለቱንም ነው ቢጫ ያደረግኋቸው።"

ሞርሳውን ይዤ ቆምኩ።

ኮቱን ሳይለብስ ወጣ። ሙሴ ፓናዮት ሱቅ ሲደርስ ተዘግቷል። ዘበኛው "ሁለቱን ልጆቹን ይዞ ሰኞ ምጽዋ ወረደ፤ ፋሲካን ጀልባው ላይ ነው የሚውሉት፤ ዳህላክ ደሴት ሊሄዱ ነው" አለው። ትልቋ አሥራ ስድስት፣ ትንሿ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር፤ በበራችን ሲያልፉ ውታፍ እየለመኑ አሻንጉሊት ያደርጉት ነበር። መርሻ በሩጫ ቴሌግራም ቤት ሄደ። ለአጽብሐ እንዲህ ብሎ ላከ፤ "ቢጫ ቡሎኖች በስብሰዋል። ጀልባዋ እንዳትወጣ። መርሻ።" በአውቶቡስ ልሂድ ቢል ከመንገዱ ርዝመት እስከ ሰኞ አይደርስም። አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ በእግሩ ሄዶ ጠየቀ፤ እስከ በዓሉ ማግሥት ሁሉ ሞልቷል አሉት። ተመልሶ ሲመጣ ጉልባኑ አርሮ ነበር፤ ሁለታችንም አልቀመስንም።

መልስ አልመጣም። ለካስ አጽብሐ እቤቱ አልነበረም፤ ረቡዕ ዕለት ከሙሴና ከልጆቹ ጋር ባሕር ወጥቷል። ቴሌግራሙን ሚስቱ ተቀብላ መሶብ ላይ አስቀምጣዋለች። ይኼን ያወቅነው በኋላ ነው።

ስቅለት ዕለት ጊዮርጊስ ሰገድን። ሰው ሁሉ ይሰግዳል፤ የመርሻ ግን ስግደት አልነበረም፤ ከራሱ ጋር ግብግብ ነው። እኔ አንድ ስሰግድ እሱ ሦስት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቄሱ ወይራ ይዘው ጀርባችንን ቸብ ቸብ እያደረጉ ኃጢአታችንን ይጠይቁ ጀመር። መርሻ ከፊቴ ነበር።

"ምን ሠርተሃል ልጄ?"

"አባቴ፣ ገና ያልሞቱ ሰዎች ገድያለሁ።"

ቄሱ ወይራውን አንስተው ቀሩ። ዓይኑን አዩት። "መቶ ስገድ፤ ከበዓል በኋላ ና" አሉት። ተራዬ ደረሰ። አፌ ላይ መጣ፤ ቢጫው ያምራል ያልኩት እኔ ነኝ ልል። ኋላዬ ጎረቤቶቼ ተሰልፈዋል፤ ጆሯቸው ቆሟል። "ምላሴ ነው፣ አባ" አልኩ። "የማን ምላስ ደኅና አለ!" ብለው አሥራ ሁለት ስገጂ አሉኝ። አሥራ ሁለት! አንድ ባንድ ቡሎኖቹን እየቆጠርኩ ሰገድኩ።

ፋሲካን እንዴት አድርጌ ልንገራችሁ። ዶሮው ቀረበ፤ እሱ ወጣ። ጎረቤት "እንኳን አደረሳችሁ" ሊል ሲመጣ እኔ ብቻዬን እመልሳለሁ። ሰኞ ሙሉ ቀን ከጊዮርጊስ እስከ አትክልት ተራ፣ ከአትክልት ተራ እስከ ጊዮርጊስ ሲመላለስ ዋለ። የአትክልት ተራ ተሸካሚዎች "ጋሽ መርሻ፣ ጎመን ጠፋብዎት?" ብለው ቀለዱበት፤ ልቤ ተቆረጠ። ማክሰኞ ሱቅ ከፍቶ ስድስት የሰው ቧንቧ ከልክ በላይ እያጠበቀ አንዱን ሰበረ። ውሃ ሲንጠባጠብ ሰምቶ ሳይነሳ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ያ ነው ከሁሉ ያስፈራኝ።

ረቡዕ ቴሌግራም መጣ። ሳይከፍት አቀበለኝ፤ እኔ አነበብኩት። "ሁላችንም ደኅና። ቡሎን ተሰበረ። ውታፉ አዳነን። አጽብሐ።"

እልል አልኩ። መንገዱ ሁሉ ዞሮ አየኝ። መርሻ ግን ግድግዳው ላይ ተደግፎ አለቀሰ፤ ዕንባውን በጥቁር እጁ ሲጠርግ ፊቱ ጥቀርሻ ብቻ ሆነ። ደግሞ ካለቀሰ በኋላ ደስ ይለዋል ስል፣ ይባስ አላረፈም። ይነሳል፣ ይቀመጣል፣ "መናገር አለብኝ" ይላል።

"ለማን? ምን ብለህ?" አልኩት።

"ለሙሴ። ቡሎኖቹ የኔ ጥፋት እንደነበሩ።"

"አብደሃል? ቴሌግራምህን ካነበቡት ያውቁታል፤ ካላነበቡት ደግሞ ማንም አላወቀም። ሰው ድኗል! በቃ! አፍህን ዝጋ፣ መርሻ። ስማችን ነው እንጀራችን።"

ሞረዱን አንስቶ ወደ ሞርሳው ዞረ።

ሙሴ ፓናዮት ለዳግማይ ትንሣኤ ዋዜማ ቅዳሜ ተመለሰ። ከሰዓት በኋላ ሰው ልኮ "መርሻ ከነሚስቱ ይምጣ" አለ፤ ፒያሳ ካፌው ውስጥ ነው ያለው። ወርቅ ሠሪው፣ ልብስ ሰፊው፣ ባለ መድኃኒት ቤቱ፣ ሁሉም ቆሟል። የሙሴ ሁለት ሴት ልጆች ፀሐይ አክስሏቸው ባንኮኒው ላይ ተደግፈዋል። ትንሿ ስታየን ሮጣ መርሻን አቀፈችው። የመርሻ እጆች እንደ እንጨት ደርቀው ቀሩ።

ሙሴ ከኪሱ የጥድ ውታፍ አወጣ። አብጧል፣ ጨው ነጭ አድርጎታል። "ስሙ!" አለ። "ዳህላክ አቅራቢያ ነን። ባሕር ገባ! ቡሎን ሰባብሮ ልቡን ወርውሮ ገባ! አጽብሐ እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ቆሞ ይኼን ይመታል፣ ይመታል! ውሃ ቆመ! እኔ ስቄበት ነበር። ይኼ ሰው ልጆቼን ሰጠኝ!" ውታፉን ከፍ አደረገ። ካፌው በጭብጨባ ተሞላ። ቴሌግራሙን አጽብሐ አላሳየውም ማለት ነው፤ ያ ደግ ሰው ሸፍኖለታል። በግራ እጄ የመርሻን ክንድ ያዝኩ፤ ሥጋውን ይዤ ቆነጠጥኩት። ዝም በል ማለቴ ነው።

"ሙሴ" አለ መርሻ። ድምፁ ከፍ ያለ አልነበረም፤ ግን ሁሉም ሰማ። "አይደለም። እርስዎን ላሰምጥ የነበርኩ እኔ ነኝ። የድሮዎቹ ቡሎኖች ቀይ ነሐስ ነበሩ። ቀይ ነሐስ በቤቴ ነበረኝ። ይኼን እያየሁ ቢጫ አደረግኋቸው፤ ቢጫ ለጨው ውሃ አይሆንም። ሳልጠይቅ ነው የሠራሁት።"

ሙሴ ውታፉን እንደያዘ ቀረ። "ለምን ቢጫ?" አለ ቀስ ብሎ።

እጄ ክንዱ ላይ ነበር። ለቀቅሁት። ዓይኔን ወደ ወለሉ ጣልኩ። አሁን ይናገራል፣ አሁን "ሚስቴ ናት" ይላል ብዬ ጠበቅሁ፤ ደግሞም እውነቱ ነበር።

"ያምራል ብዬ" አለ መርሻ። "እኔ ነኝ ያምራል ያልኩት።"

ሙሴ ፓናዮት ውታፉን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። "ልጆቼ ነበሩ ውስጧ" አለ። ልጆቹን ይዞ ወጣ። ትንሿ ዘወር ዘወር እያለች ታየን ነበር።

ስንወርድ መንገዱ ላይ "ለምን?" አልኩት። "ለምን እኔ መሆኔን አልተናገርክም?"

"አንቺ ወናፍ ነው ያናፋሽው" አለኝ። "የጠረብኩት እኔ ነኝ።" ፈጥኖ ይሄድ ነበር፤ እኔ በበዓል ጫማዬ ልደርስበት አልቻልኩም።

ብዙ ደንበኛ ሸሸን። የካፌው ቧንቧ ሲያፈስ ሌላ ሰው ተጠራ፤ መርሻ በበሩ ሲያልፍ ይሰማዋል፤ ጣቱ ኪሱ ውስጥ መፍቻውን ይጨብጣል፤ አይገባም። ጥቅምት ላይ አንድ ሣጥን መጣ። ስድስቱ ሳራቺኔስካዎች። ከሙሴ ምንም ደብዳቤ የለም። ከአጽብሐ ብቻ እንዲህ የሚል፤ "ለአቶ መርሻ። ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል። ሙሴ 'ጥፋቱን የሚናገር ሰው ይሥራው' ብሏል። ውታፎቹንም አይርሱ።"

አንዱን ልብ ጥቀርሻ ቀብቶ እያዞረ፣ የመጀመሪያውን ቀይ ቡሎን ጠርቦ እጄ ላይ አስቀመጠ። ደብዛዛ ነው። ጭቃ የመሰለ።

"ያምራል?" አለኝ።

"አያምርም" አልኩ።

"እንግዲያው ይሁን" ብሎ ቀጣዩን አሰረ።

መርሻ ካረፈ አራት ዓመቱ ነው። ያ ቁጭ የማይል ሰው እውነትም አሁን አረፈ። ባለፈው ሰሞን ካፌው ገብቼ ነበር። ሁለት ወጣቶች አጠገቤ ስለ ድሮ ፒያሳ ያወራሉ። አንዱ "አንድ ቧንቧ ሠሪ ነበር አሉ፤ ለማሳመር ብሎ ግሪኩን ከነልጆቹ ሊያሰምጥ የነበረ" አለ። ሁለቱም ሳቁ። ማኪያቶዬን ገፋሁት። ከባንኮኒው ኋላ ውሃ ጠብ ጠብ ይል ነበር፤ የሚነሳ ሰው የለም።

ማሳመር የሱ ነገር አልነበረም። ቄስ አልሰማኝም፤ ሙሴም አልሰማኝም፤ እናንተ ስሙኝ። ቢጫው ያምራል ያልኩት እኔ ነኝ፤ እኔ ተናኘወርቅ።